የሲታን ስድብ

ማሳራን ጃራ መናኸሪያ ሄዳ ጓደኛዋን ስትቀበል አፏን የከፈተችው በስድብ ነበር። አውቶቡሱ ከጎረቤት አገር ከአቢጃን ተነስቶ ሁለት ቀን ሙሉ አቧራ ሲቅም ሰንብቶ ከተማችን ሴጉ የገባው ሐሙስ ወደ ማምሻው ላይ ነው። የሲታን ትራወሬ እግር ገና መሬት ሳይረግጥ፣ ማሳራን በዚያ ሁሉ ተሳፋሪና ተሸካሚ ፊት፣

"መጣሽ አንቺ አደንጓሬ በላ? ሾፌሩ መስኮቱን ሁሉ ከፍቶ የሚነዳው ለካ በአንቺ ምክንያት ነው" አለቻት።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሻንጣ የሚያወርደው ሰውዬ አፍንጫውን ይዞ ዞር አለ። ሲታን ግን ሻሿን አስተካክላ፣ ጓደኛዋን ግራና ቀኝ ሳመቻትና፣ "ደህና ነኝ እህቴ፣ አመሰግናለሁ። አንቺስ ደህና ነሽ?" አለች።

ማሳራን ክው አለች።

እንግዲህ እኛ አገር የጃራ ዘርና የትራወሬ ዘር ተገናኝተው ሳይሰዳደቡ አይተላለፉም። ከቅድመ አያቶቻችን የወረስነው ነው፤ ማን እንደጀመረው የሚያውቅ ካለ እሱ ይንገረን። ጃራ የሆነ ሁሉ ትራወሬን አደንጓሬ በላ ይለዋል፣ ትራወሬም ያንኑ ከነምርቃቱ ይመልሳል። ዳኛው ከችሎት ወርዶ፣ ሐኪሙ መርፌውን እንደያዘ፣ ይሰዳደባሉ። የሚቀየም የለም፤ የተቀየመ እንደሆነ ነውሩ የራሱ ነው። ምስጋናና ይቅርታ ለባዕድ ነው። ለዘመድ ስድብ ነው ያለን።

ማሳራንና ሲታን ደግሞ ከልጅነታቸው ጀምሮ በዚህ ነገር አንደኛ ነበሩ። ሲታን ዙማናን ስታገባ፣ ሰውዬውም ትራወሬ ነበርና፣ ማሳራን በሠርጉ መሀል ብድግ ብላ "ምስኪን፣ ከአንዱ የአደንጓሬ ድስት ወጥታ ሌላው ውስጥ ገባች" አለች። ሙሽራይቱ አንገቷን ደፍታ መቀመጥ ሲገባት ቀና አለችና፣ "ጃራ አግብቼ ድስቴን ከሌባ ስጠብቅ ከማድር ይሻለኛል" ብላ መለሰች። የሠርጉ ሰው እስከ ዛሬ የሚያወራው ስለ ምግቡ አይደለም፣ ስለዚህችው መልስ ነው። እና ያቺው ሴትዮ ናት አሁን መናኸሪያ ቆማ "አመሰግናለሁ" የምትለው።

ማሳራን ክው ትበል እንጂ ነገሩ አስቀድሞ ተነግሯታል። ከሳምንት በፊት የሲታን የመጀመሪያ ልጅ ራማታ ከአቢጃን ደውላ ነበር። "አክስቴ፣ እማዬ ልክ አይደለችም" አለች። "አባዬ ከሞተ ጀምሮ አንድ ቀን አላለቀሰችም። አትስቅም፣ አትቆጣም፣ እህል በግድ ነው የምትቀምሰው። ለሁሉም 'አመሰግናለሁ' ነው። ለኔ ለልጇ ሳይቀር። ወላሂ እናቴ ስታመሰግነኝ እፈራለሁ። እስቲ አንቺ ጋ ትምጣና ሞክሪያት።"

"ላኪልኝ" አለች ማሳራን። "እኔ አፍ ላይ ወድቃ ዝም ያለች የለችም።"

ሲታን ግን የማሳራን አፍ ላይ ወድቃም ዝም ብላ ሰነበተች። ዓርብና ቅዳሜ ቤቱ በለቀስተኛ ተሞላ፤ ጎረቤት ሁሉ እየመጣ "አላህ ይዘንለት፣ ጀነት ያግባው" ሲል፣ ሲታን እንደ ሐውልት ቀጥ ብላ ተቀምጣ "አሚን፣ አመሰግናለሁ" ስትል ዋለች። ሰኞ ጠዋት ትመለሳለች። የቀራቸው እሑድ ብቻ ነው። ማሳራን ቅዳሜ ማታ ተኝታ ያሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከዚህች ሴትዮ አፍ አንድ ስድብ ማውጣት። አንዲት ስድብ ከወጣች እንባውም ሳቁም ተከትሎ ይወጣል። ካልወጣች ግን ጓደኛዬ አቢጃን ተመልሳ እንዲሁ እያመሰገነች ትሞታለች ብላ ፈራች። ፍርሃቷም የምር ነበር።

እሑድ ጠዋት ለቁርስ ሆን ብላ የአደንጓሬ ሊጥ ድቡልቡል ጥብስ አቀረበችላት፣ አንድ ሳህን ሙሉ፣ በዘይት የሚያብረቀርቅ። "ብይ፣ ዘመዶችሽ ናቸው" አለች። ሲታን ሁለት ፍሬ በላችና "እጅሽ ይባረክ፣ ይጣፍጣል" አለች። ማሳራን ሳህኑን ስታነሳ በንዴት አጋጨችው።

"ተነሽ፣ እንውጣ" አለች። "ዛሬ ሥራ የለኝም፣ ቀለሙ ራሱን ያቅልም።" ማሳራን ጨርቅ አቅላሚ ናት፤ እጇ እስከ ክርኗ ሰማያዊ ነው፣ በሠርግም በለቅሶም አይለቅም። "ከወንዙ ማዶ ካላቡጉ መንደር ሸክላ ሰሪዎቹ ዛሬ ሸክላቸውን በእሳት ይተኩሳሉ። ልጅ ሆነን እንደምንሄደው እንሂድ።"

"ደስ ይለኛል" አለች ሲታን።

ወደ ወንዙ የሚወስደውን መንገድ ቀስ እያሉ ወረዱት። የማሳራን ጉልበት እንደ ድሮው አይደለም፣ ሲታንም የቸኮለ ሰው አትመስልም። በመንገዱ ላይ ጎረምሶች ከግድግዳ ጥላ ሥር ሻይ ያፈላሉ፤ ከወዲያ የሠርግ ከበሮ ይሰማል። ሲታን አንድ በር ጋ ቆማ "ይህ የእነ ካዲ ቤት አልነበረም?" ብላ ጠየቀች። ነበር። ካዲ ሞታለች፣ በሩ ግን ያው ሰማያዊ በር ነው። ሲታን በመዳፏ ዳሰስ አድርጋው አለፈች። ያን ጊዜ ማሳራን፣ ይህች ሴት ድንጋይ አልሆነችም፣ ውስጧ ሰው አለ አለች ለራሷ።

ታንኳው ጋ ሲደርሱ ቀዛፊው በየት በኩል እንደሚያስቀምጣቸው ያስብ ጀመር። ማሳራን ቀደመችው። "ይህችን ኋላ አስቀምጣት። ትራወሬ ናት፣ ነፋሱ ደግሞ ከፊት ነው የሚመጣው።" ቀዛፊው እስኪሳል ድረስ ሳቀ። ሲታን ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ኋላ አለፈችና፣ "ኋላ ይሻለኛል፣ ሁሉን ያሳያል" አለች። ቀዛፊው ማሳራንን አየት አደረጋት። ማሳራን ፊቷን ወደ ውሃው አዞረች።

ወንዛችን ጆሊባ በዚያ ወራት ሰፊና ዝምተኛ ነው። የአሸዋው ደሴት ላይ ልብስ አጣቢዎች ቀሚሱን ሁሉ ዘርግተውት ሜዳው በቀለም አብዷል። ሲታን እጇን ውሃው ውስጥ ነከረች፣ አወጣች፣ ደግማ ነከረች። "ቀዝቃዛ ነው" አለች። ማሳራንም ለአንድ አፍታ ዕቅዷን ረሳች። ነፋሱ ደስ ይላል፣ ጓደኛዋ አጠገቧ ናት፣ ሰው እንዲህ ሆኖ ቢውል ምን ይጎድለዋል? ከዚያ ወዲያው ነገ ሰኞ መሆኑ ትዝ አላት።

ማዶ እንደወረዱ የማንጎ ዛፍ ሥር ምንጣፍ ተዘርግቶላቸው ዓሣ በሉ። ዓሣ ጠባሿ ሽንኩርቱንና ሎሚውን አልሰሰተችም። ማሳራን እሾኹን እየለቀመች የድሮውን ሁሉ አነሳች፤ በሌሊት ወንዝ ወርደው ሲዋኙ የአስተማሪውን ባለቤት ጂኒ መስለው ያስደነገጧትን፣ ሲታን የተበደረችውን ጫማ ወንዝ የወሰደባትን። ሲታን በየመሀሉ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ፈገግም ትላለች፣ ፈገግታው ግን የእንግዳ ፈገግታ ነው። ማሳራን ጃራ የምታውቀውን ስድብ ሁሉ አንድ በአንድ ጨረሰች። የአደንጓሬውን፣ የሆዱን፣ የአፍንጫውን፣ ከአባቷ ጀምሮ እስከ ፍየሎቻቸው ድረስ። ሲያልቅባት ያው ደሟ ፈላ።

"ስሚ" አለች እጇን ጠርጋ። "እኔ የጋበዝኩት ጓደኛዬን ነው። አንቺ ማነሽ? ጓደኛዬን የት አደረግሻት?"

ሲታን አቀርቅራ የቀሚሷን ጫፍ አጣጠፈች። "ይቅርታ" አለች በቀስታ። "አስቸገርኩሽ መሰለኝ።"

ማሳራን ይህን ስትሰማ ቁጣዋ ሁሉ ውሃ ሆነ። ብትሰድባት ይሻል ነበር፣ በጥፊ ብትላት እንኳ ይሻል ነበር። ይቅርታ ተባለች፣ ከሲታን ትራወሬ። ተነስታ ሒሳቡን ከፈለችና እጇን ይዛ ወደ መንደሩ ወሰደቻት፤ ሌላ የምታደርገው አላወቀችም።

ሸክላ ሰሪዎቹ ገና እየደረደሩ ነበር። ከመንደሩ ዳር ባለው ሜዳ ላይ ማሰሮው፣ እንስራው፣ ምድጃው፣ ሁሉም በአፉ ተደፍቶ እንደ ጉብታ ተከምሯል፤ ሴቶቹ በላዩ ደረቅ ሣር ያለብሱታል። ከሁሉም በዕድሜ የገፋችው ጄኔባ ኮኔ ከጥላው ሥር ተቀምጣ "እዚህ ጋ ሳሳ፣ እዚያ ጋ ጨምሩ" እያለች ታዛለች። እንግዶቹን ስታይ ምንጣፏ ላይ ቦታ ለቀቀችላቸው። እንደ አገሩ ወግ መጀመሪያ የጠየቀችው የዘር ስማቸውን ነው።

"ጃራ" አለች ማሳራን።

"ጎሽ ጃራ። አንቺስ?"

"ትራወሬ" አለች ሲታን።

አሮጊቷ ወዲያው ወደ ሴቶቹ ዞራ፣ "እናንተ ልጆች፣ ማሰሮዎቹን ቶሎ ሸፍኑ። ትራወሬ መጥቷል፣ አደንጓሬ መስሎት እንዳይልሰው" አለች። ኮኔም ለትራወሬ ያው እንደ ጃራ ነውና መብቷ ነው። ሴቶቹ ተንጫጩ።

"እንኳን ደህና ቆያችሁን። አመሰግናለሁ" አለች ሲታን።

ጄኔባ ኮኔ ፈገግታዋን ሰበሰበች። ሲታንን ከላይ እስከ ታች አየቻትና ወደ ማሳራን ዘንበል ብላ፣ "ይህች ሰው ታማለች እንዴ?" አለች፣ ግን አልሾከሾከችም።

"ባሏ ሞቷል" አለች ማሳራን። "አቢጃን። ዙማና ይባላል፣ እሱም ትራወሬ ነበር።"

አሮጊቷ "አላህ ይዘንለት" አላለችም፣ "ነፍስ ይማር" አላለችም። ሲታንን አተኩራ እያየች፣ "ማን ቀለደበት?" ብላ ጠየቀች።

"ትራወሬ ሲሞት እኮ" አለች ጄኔባ፣ "ጃራ ልብሱን ለብሶ ይመጣል፣ ኮኔ ቃሬዛው እንዳይወጣ በር ላይ ይተኛል። አረማመዱን፣ አበላሉን፣ ማንኮራፋቱን፣ ሁሉን እያስመሰሉ መሬት ላይ ይንከባለላሉ። ሚስቲቱ እስክትስቅ ድረስ። ስትስቅ ያን ጊዜ ይሸኛል። እና ማን አስመሰለው?"

"ማንም" አለች ሲታን።

ድምፅዋ ሻከር ብሎ ወጣ፣ ብዙ ጊዜ ተዘግቶ እንደከረመ በር። "እዚያ ሰፈር ጃራ የለም፣ ኮኔም የለም። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች መጡ። ወንበር ተከራዩ፣ ድንኳን ተከሉ። አንዱ ተነስቶ ደግ ሰው ነበር ይላል፣ ሌላው ተነስቶ ታጋሽ ነበር ይላል። ታጋሽ ይሉታል። ዙማናን። ሰባት ቀን ሙሉ አመሰገኑት። እኔ ጥግ ተቀምጬ የኔን ሰው መቼ ነው የሚያመጡት እያልኩ ስጠብቅ፣ ያንን የማላውቀውን ደግ ሰውዬ ቀብረው ተመለሱ።" ከዚያ ወደ ማሳራን ዞረች። "አንቺም ደወልሽልኝ። አንቺ መሆንሽን ሳውቅ ደስ አለኝ። አንቺም 'መልካም ሰው ነበር' አልሽኝ።"

ማሳራን የምትገባበት ጠፋት። ብላለች፣ አልካደችም። ያን ቀን ለቅሶ ተናንቋት፣ ስልኩም እየተቆራረጠ፣ ሰው ሁሉ የሚለውን አለች። ጃራ ሆና ትራወሬን አመሰገነች። እሷ እኮ ናት በሩን የዘጋችው፣ ሦስት ቀን ሙሉ ደግሞ በዚያው በር ላይ ስታንኳኳ ከረመች። የለቅሶ ጊዜ ግን አልነበረም። ተነሳች።

ነጠላዋን እንደ ወንድ ትከሻዋ ላይ ጣለች። ሆዷን ወደፊት ገፋች፣ እጆቿን ኋላዋ አጣመረች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች። "በዚህ ቤት ውስጥ እኔን የሚሰማኝ የለም" አለች በጎርናና ድምፅ። "እሄዳለሁ። ሁለተኛ አታዩኝም።" እየተንጎራደደች እስከ ሣሩ ክምር ሄደች። ዙማና ሲቆጣ እንዲህ ነበር፤ ትቶ ይሄዳል፣ ከዚያ አንድ ነገር ረስቶ ይመለሳል። ማሳራን ዞር አለችና ተመለሰች። "ጫማዬስ?" አለች።

ሴቶቹ ሳቁ። ጄኔባ ኮኔ ጭኗን መታች። ሲታን አልሳቀችም፣ ግን ቀና ብላ ነበር፣ ቅንድቧም ተሰብስቧል።

"እንደሱ አይደለም" አለች።

"ምኑ?" አለች ማሳራን፣ ገና በዙማና ድምፅ።

"ጫማውን ረስቶ አያውቅም። በባዶ እግሩ የሚሄደው ያንቺ አባት ነው። መጀመሪያ የሚመለሰው ለቆቡ ነው። ሆዱም እንደዚህ አልነበረም፣ ምነው የተጫነ አህያ አስመሰልሽው? አንቺ ጃራ፣ ሰማያዊ እጅሽን ነጠላሽ ውስጥ ደብቂው፣ ባሌ ቀለም ድስት ውስጥ የወደቀ ዶሮ አይደለም።"

ማሳራን ጃራ በሕይወቷ እንደዚያ ያለ ጣፋጭ ነገር ሰምታ አታውቅም። ግን አልሳቀችም፣ እንዳይቋረጥባት ፈራች። "እሺ አንቺ አሳዪኝ፣ ካወቅሽ" አለች።

ሲታን ተነሳች። ጫማዋን አወለቀች፣ መልሳ አደረገችው፣ እሱ ጫማውን ሳያደርግ አይሄድምና። ቀኝ ትከሻዋን አስቀደመች፣ አገጯን ወደ ላይ አነሳች፣ ሄደች። ለቆቡ ተመለሰች። "ቆቤን የት ነው የምትጥሉት?" ብላ ከራሷ ላይ ያለውን ሻሽ ነካ አድርጋ ሄደች። ለመቁጠሪያዋ ተመለሰች፣ ኪሷ ውስጥ አገኘችው፣ ተቆጣች፣ ሄደች። ሣር የያዙት ሴቶች ሣራቸውን ጥለው ያያሉ።

"ሦስተኛውስ?" አለች ጄኔባ።

"በሦስተኛው ምንም አይረሳም" አለች ሲታን ከወዲያ ሆና። "ዝም ብሎ ይመጣል።" መጣችና ምንጣፉ ጫፍ ላይ ቆመች፣ ከፊቷ ማንም እንደሌለ ከላይ ከላይ እያየች። "ሰው የለም እንዴ እዚህ ቤት?" አለች በባሏ ድምፅ። "እኔ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ነው እንዲህ የሚለው። ፊት ለፊቱ። 'አለሁ' እላለሁ። 'ታዲያ ምሳ የለም?' ይላል። አለቀ፣ ተታረቅን።"

ሳቀች። መጀመሪያ ትንሽ፣ ከዚያ ሆዷን ይዛ፣ ከዚያም ምንጣፉ ላይ ተዘረፈጠች። ጄኔባ ኮኔ "እኔስ ቁም ነገር መስሎኝ ነበር፣ ለካ የዚህ ሰውዬ በሽታ አደንጓሬ ነበር" እያለች መሬቱን ትደበድባለች፤ ዙማናን በዓይኗ አይታው አታውቅም፣ እንደ ወንድሟ ግን ሰደበችው። ሲታንም እየሳቀች አሮጊቷን ሰደበቻት፣ ጭቃ አቡኪ አለቻት፣ ያልተተኮሰ ማሰሮ አለቻት። መሀል ላይ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። ማንም አልነካትም። አልቅሺም አላላትም፣ አታልቅሺም አላላትም።

ሴቶቹ ሣሩን ለኮሱት። እሳቱ ከዳር ይዞ ወደ መሀል ሲሮጥ ሙቀቱ እስከ ጥላው ደረሰ።

"ማሳራን" አለች ሲታን፣ ፊቷ በእንባ ታጥቦ።

"ወዬ።"

"ተነሽና ድገሚው። በደንብ፣ እንዳሳየሁሽ።"

ማሳራን ተነሳች። ትከሻዋን አስቀደመች፣ አገጯን አነሳች፣ "ሁለተኛ አታዩኝም" አለችና ሄደች። ለቆቡ ተመለሰች። ለመቁጠሪያው ተመለሰች። ከዚያ ደግሞ ሄደች፣ እስከ ሜዳው ጫፍ፣ ወደ ወንዙ የሚወርደው መንገድ እስከሚጀምርበት። እዚያ ቆመች። ሦስተኛው መመለስ ቀርቷታል፣ ልትዞር አንድ እግሯን አነሳች።

"ተዪው" አለች ሲታን ከኋላዋ። ድምፅዋ የራሷ ነበር፣ የድሮው። "ይሂድ። አሁን አይመለስ።"

ማሳራን አልዞረችም። ትከሻዋን እንዳስቀደመች፣ እጆቿን ኋላዋ እንዳጣመረች፣ በዙማና አረማመድ ቁልቁለቱን ወረደች። ጓደኛዋ አፏን ሞልታ ስታለቅስ ይሰማታል፣ እሷም ታለቅሳለች፣ ግን እስከ ውሃው ድረስ አልቆመችም።